ሠርጉ በአያት ስልክ እንዲከፈት

የጥር ሠርግ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል የቪዲዮው ጉዳይ ይጀምራል። ልጅ አዲስ አበባ ተድሯል፤ አያት ግን በዕድሜና በመንገዱ ርቀት ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከዙሪያዋ የገጠር ቀበሌ ሳይነሡ ቀርተዋል። «ግድ የለም፣ ቪዲዮውን እንልክልዎታለን» ተብለዋል። ወደ ደቡብ ጎንደር የሚሄድ ዘመድ ሲገኝም ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ በወረቀት ተጠቅልላ ትሰጠዋለች። ሚሞሪዋ እስቴ ትደርሳለች፣ ስልክ ውስጥ ትገባለች፣ ጎረቤት ሳይቀር ይሰበሰባል። ስልኩ ግን ፋይሉን አልከፍትም ይላል። አለዚያም እልልታው ይሰማል፣ ምስሉ ጨለማ ነው።

ሰው ወዲያው ስልኩን ወይም ሚሞሪውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ቪዲዮው ሲቀየር በተመረጠው ሴቲንግ ላይ ነው። ቀያሪው በላፕቶፑ ላይ የሚያምረውን መርጧል፤ አያት ምን ዓይነት ስልክ እንደያዙ አልጠየቀም።

«ቴሌግራም እያለ ሚሞሪ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በእጅ ያለ ቪዲዮ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል። ኢንተርኔት ባለበትም ቢሆን የሁለት ሰዓት ሠርግ ማውረድ የካርድ ገንዘብ ይበላል። ደግሞም ብዙ አዛውንት የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም፤ ቴሌግራም ግን አያውቅም።

ስለዚህ ከቪዲዮው በፊት ስለ ስልኩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያውቅ ሚሞሪ ጫኝ ልጅ «እማማ፣ የሚያዩበት ስልክ ታች ነው ባለ ቁልፍ?» ይላል። ካልጠየቀ እርስዎ ቀድመው ይንገሩት፤ ከተቻለም የስልኩን ሞዴል በወረቀት ጽፈው ይስጡት።

አሁን ወደ ፋይሉ እንግባ። ከፋይሉ ስም ጫፍ ላይ የሚታየው «ኤምፒ4» ወይም «3ጂፒ» የሚለው መጠሪያ እንደ ጆንያ ነው። ጆንያው ላይ ጤፍ ተብሎ ቢጻፍም ውስጡ ገብስ ሊሆን ይችላል። ምስሉ የታሸገበት መንገድ ኮዴክ ይባላል፤ ስልኩ የሚያውቀው ወይም የማያውቀው ደግሞ እሱን ነው። የፋይሉን ስም ብቻ ቀይሮ «ኤምፒ4 አደረግሁት» ማለት ጆንያውን መቀየር ነው። እልልታው ተሰምቶ ምስሉ የሚጠፋውም በዚሁ ነው፤ ስልኩ የድምፁን ኮዴክ አውቆ የምስሉን አላወቀም።

ዛሬ ብዙ አዳዲስ ስልኮችና ካሜራዎች በኤች 265 ይቀርጻሉ። ይህ በ2005 ዓ.ም የጸደቀ ኮዴክ ቦታ ይቆጥባል፤ የቆዩ ስልኮች ግን አይከፍቱትም። በ1995 ዓ.ም የጸደቀው ኤች 264 በአንጻሩ የትኛውም ታች ስልክ ላይ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለታች ስልክ የሚላክ ከሆነ ኤምፒ4፣ ውስጡ ኤች 264፣ ድምፁ ኤኤሲ ይሁን። የምስሉ ቁመት 720 ከሆነ ለእጅ ስልክ ይበቃል።

ባለ ቁልፉ ስልክ ሌላ ዓለም ነው። ስክሪኑ ብዙውን ጊዜ 240 በ320 ነጥብ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምስል ሲሰጡት ይንተባተባል ወይም ጨርሶ አልከፍትም ይላል። ለእሱ የምስሉን ስፋት 320 አድርጎ፣ ኮዴኩን ኤምፔግ 4 መምረጥ ይሻላል። ኤምፔግ 4 የተባለው ኮዴክና ኤምፒ4 የተባለው ጆንያ ስማቸው መመሳሰሉ ሰውን ሲያደናግር ይኖራል፤ አንድ አይደሉም።

ሚሞሪ ጫኞች በብዛት የሚሳሳቱት ግን ድምፁ ላይ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ላይ 3ጂፒ የሚለውን ሲጫኑ ድምፁ በራሱ ኤኤምአር ወደሚባለው ሊዞር ይችላል። ኤኤምአር የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው፤ «ሃሎ፣ ደኅና ናችሁ?» ለመባባል በቂ ነው። መሲንቆና ከበሮ ሲያልፉበት ግን ድምፁ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ዓይናቸው ለደከመ አያት ደግሞ ሠርጉ ያለው ድምፁ ላይ ነው። በእጅ መዳፍ በምታክል ስክሪን የሙሽራዋን ፊት ላይለዩ ይችላሉ፤ የልጃቸውን ምርቃት፣ የሚዜዎቹን ዘፈን፣ የጎረቤቷን እልልታ ግን ይለያሉ። ስለዚህ «ኦዲዮ» በሚለው ቦታ ኤኤሲ ይመረጥ። ቦታ መቆጠብ ግድ ከሆነም ከምስሉ ይቀነስ እንጂ ከድምፁ አይነካ።

ሠርጉ በዲቪዲ ከሆነ ያለው ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ዲስኩ ውስጥ ያለው ቪዲዮ አንድ አንድ ጊጋባይት እየሆነ የተቆራረጠ ነው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ የቀዳ ሰው ሙሽራው ከቤት ሳይወጣ ሠርጉ ያልቅበታል። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እንደ አንድ ወጥ ቪዲዮ ያነባል፤ «ፋስት 576ፒ25» የሚለው ዝግጁ ምርጫውም ለእኛ አገር ዲቪዲ የተስማማ ነው። ሃንድብሬክ 3ጂፒ አይሠራም፤ ለባለ ቁልፍ ስልክ ፎርማት ፋክተሪ ይሻላል።

ሁለተኛው እስክስታው ነው። ዲቪዲ ላይ አንዱ ምስል ብዙውን ጊዜ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ፣ መስመር በመስመር ተጠላልፎ የተቀረጸ ነው። ቴሌቪዥን ያስማማዋል፤ ሳያስተካክሉ ለስልክ ሲቀይሩት ግን ትከሻው በፈጠነ ቁጥር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ይሰነጣጠቃል። «ዲኢንተርሌስ» የሚለው ምርጫ ይህን ያስተካክላል።

የዲቪዲ ምስል ቁመቱ 576 መስመር ነው። እሱን 1080 አድርጎ «ኤችዲ ሠራሁልዎ» የሚል ካለ፣ ያደረገው ጠላ ላይ ውኃ መጨመር ነው፤ ይበዛል እንጂ አይጠነክርም። የድሮውን ሰፋ ያላለ ምስል ስክሪኑን እንዲሞላ መለጠጥም ሙሽራዋን ያለ ልኳ ያወፍራል። በጎንና በጎን ጥቁር ቢቀር ምን ገደደ?

መጠኑን በቀላል ሒሳብ ማወቅ ይቻላል። በሰከንድ 1000 ኪሎቢት የተመደበለት ምስል በሰዓት 450 ሜጋባይት ይይዛል፤ ድምፁ 128 ኪሎቢት ቢሆን 58 ያህል ይጨምራል። ሦስት ሰዓት የፈጀ ሠርግ 1.5 ጊጋባይት ገደማ ሆነ ማለት ነው። ለባለ ቁልፉ ስልክ ምስሉን 300፣ ድምፁን 64 ቢያደርጉት ያው ሠርግ በግማሽ ጊጋባይት ያልቃል። 32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች የሆኑ ሚሞሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ አይቀበሉም፤ ሚሞሪው ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» የሚል መልስ ሲመጣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ከማስቀየር በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ አስቀይረው በራሱ ስልክ ወይም በዚያው ሞዴል ይሞክሩት። የሚሞከረው ደቂቃ ጭፈራ ያለበት ይሁን፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በየትኛውም ሴቲንግ ደኅና ይመስላል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እላለሁ። ለስልክ የተቀየረ ቪዲዮ ወደ ኋላ አይመለስም። ያነሰው አንሶ ይቀራል፤ የዛሬ ዓመት ትልቅ ቴሌቪዥን ቢገዛ ከባለ ቁልፉ ስልክ ፋይል የሠርጉን መልክ ማውጣት አይቻልም። ዋናው ቅጂ ተቀይሮም ሆነ «ቦታ ያዘ» ተብሎ እንዳይሰረዝ። በቤት የተቀዳ ዲቪዲም ዘላለም አይኖርም፤ ሳይጫጫርና ሳይደበዝዝ እንዳለ፣ ሳይቀየር፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ከተቻለ ሁለት ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሱቅ ውስጥ ካስቀየሩም ሲጨርስ ከኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው እዚያው ቆመው ያስደርጉት። የልጅዎ ሠርግ ለሌላ ደንበኛ የሚጫን ነገር አይደለም።

ሚሞሪዋ ከመላኳ በፊት የቀረው ፋይሉን መቆራረጥና ስም ማውጣት ነው። ሦስት ሰዓት በአንድ ፋይል ሲሆን፣ ቁልፍ በጣት ይዞ መሃሉን መፈለግ ለአያት አይመችም። እየአንዳንዱ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ይሁን። አንዳንድ ባለ ቁልፍ ስልክ የአማርኛ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርጎ ስለሚያሳይ ስሙ ቁጥር ይሁን፤ 1፣ 2፣ 3። አያት ማንበብ ባይችሉም ስልኩ ሲከፈት ከላይ ያለችው ፋይል 1 ናት። እዚያ ላይ ምርቃቱን አስቀምጡት።