ላፕቶፕን ሳይሞክሩ ስለ መግዛት

ፋው በምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወደ ዋድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የረሀድ የመስኖ እርሻ ከተማ ናት። ለብዙ የትግራይ ቤተ ሰብ ግን ስሟ የሚታወቀው በጥጥ እርሻዋ ሳይሆን፣ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ወገኖቻችን በተጠለሉባቸው ሰፈሮች ነው። ከዚያም ወዲህ ለሥራ ወይም በችግር ምክንያት ወደ ገዳሪፍ ምድር የሚሻገረው ሰው አልተቋረጠም። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ታሪክ ከዚያች ከተማ የመጣ ነው፤ ነገሩም ስለ አንድ ላፕቶፕ ነው።

የአክስታችን ልጅ የሆነ አንድ መምህር በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በፋው ይኖር ነበር። ቀን በሌላ ሥራ ውሎ፣ ማታ ማታ የወገኖቹን ልጆች ትግርኛና አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተምራል። የልጆቹ ወላጆችም በኅዳር ወር የሚሰጠው ፈተና እንደ ደንበኛ ትምህርት ቤት በማተሚያ ታትሞ፣ ውጤቱም በጽሑፍ ከደረሳቸው፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ሊያዋጡ ተስማምተው ነበር። ስለዚህ መምህሩ ላፕቶፕ ለመግዛት አሰበ። በቤት ውስጥ የነበረው ገንዘብ ባለቤቱ ቡና አፍልታ በመሸጥ ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው፣ ለቤቱ ጣራ ማደሻ የታሰበ ገንዘብ ነው። እርስዋም ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «ገንዘቡ የጣራው ነው፤ ለልጆቹ ይሁን ካልህ ግን እኔ እምቢ አልልም። ክረምቱ ሳይመጣ መልሰው» ብላ ሰጠችው።

ጥቅምት 13 ቀን ቅዳሜ ወደ ገዳሪፍ ሄዶ፣ ቀጭንና ብርማ፣ የፊደል ገበታው በጨለማ የሚያበራ አንድ ላፕቶፕ ገዛ። ሻጩ ዘፈን አሰማው፤ ፊልም አሳየው። መምህሩም ተደስቶ ወደ ፋው ተመለሰ። በማግሥቱ አንድ ወዳጁ በሰጠው ፍላሽ አማካይነት በውስጡ የነበረውን ያለ ፈቃድ የተባዛ ዊንዶውስ አጥፍቶ ሊኑክስን አስገባ።

ላፕቶፑ ተነሣ፤ ስክሪኑም በራ። ነገር ግን ዋይፋዩ የለም። እንዲያው ደካማ ሆኖ ሳይሆን፣ ካርዱ ፈጽሞ እንዳልተፈጠረ ያህል ነው። ከዚህም የባሰው፣ በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችለው ፕሮግራም በፍላሹ ላይ አልነበረምና ከኢንተርኔት መውረድ ነበረበት። መምህሩ ነገ አደርገዋለሁ ብሎ ተኛ። በማግሥቱ ሰኞ ጥቅምት 15 ቀን (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2021) በካርቱም ወታደሮቹ ሥልጣን ያዙ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በአገሩ ሁሉ ተቋረጠ። እስከ ኅዳር 9 ቀን ድረስም አልተመለሰም።

የታሪኩን ፍጻሜ ከመናገራችን በፊት፣ ይህ ሰው ለምን ሊኑክስን እንደ መረጠ መግለጽ ይገባናል። ምክንያቱም ይህን የሰማ አንባቢ «ዊንዶውሱን ባይነካው ኖሮ» ማለቱ አይቀርም። ማናቸውም ኮምፒዩተር ያለ አዛዥ ፕሮግራም ግዑዝ ዕቃ ነው። ሊኑክስ የተባለው አዛዥ ፕሮግራም በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባለሙያዎች በኅብረት ያሳደጉት ነው። ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊወስደው፣ ሊያባዛውና ለጎረቤቱ ሊሰጠው ይፈቀድለታል። ለተጠቃሚው እንዲመች ተሰናድተው ከሚታደሉት መልኮቹ አንዱ ደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስወጣው ኡቡንቱ ነው፤ ስሙም ከዚያው አገር ቋንቋዎች የተወሰደ ሆኖ ሰብአዊነት ማለት ነው።

ለሱዳን ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ ባጸናችው የንግድ ማዕቀብ የተነሣ፣ የአሜሪካን ኩባንያ ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ መጠቀም እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል፤ ያለ ፈቃድ በተባዛ ቅጂ መሥራትም ተለምዶ ነበር። እንዲህ ያለው ቅጂ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛው ድጋፍ ተቋርጦበታል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በፊት የተሠሩትን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ስለዚህ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚጥሏቸው፣ አካላቸው ግን ጤናማ የሆነ ላፕቶፖች በርካሽ ወደየገበያው ይመጣሉ። ሊኑክስ እነዚህን ያለ ቅሬታ ይቀበላቸዋል። የመምህሩ ስሕተት ሊኑክስን መምረጡ ሳይሆን፣ ላፕቶፑን ለሊኑክስ አለመምረጡ ነበር።

አሁን የዋይፋዩን ነገር እንመልከት። እያንዳንዱ የላፕቶፕ ክፍል ከአዛዡ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በሚባል አስማሚ ፕሮግራም ነው። (አማርኛ የሚማሩ አንባብያን ይህን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልገው «ነጂ» የሚል ትርጓሜ ቢያገኙ፣ ሾፌር ማለት አለመሆኑን ይወቁልን።) አብዛኛው አስማሚ በሊኑክስ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ይሁን እንጂ አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ከአስማሚው በቀር ሠሪያቸው ያዘጋጀውን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይሻሉ፤ ምስጢሩም ለሕዝብ ያልተገለጠ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ የሊኑክስ አሰናጆች በመርሕ ምክንያት ከፍላሹ ላይ ይተዉት ነበር። ስመ ጥሩው ዴቢያን ይህን ልማድ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በ12ኛው እትሙ ነው። ኢንተርኔት በሞላበት ከተማ ይህ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ በኬብል ያወርዱታል። ዋይፋዩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም ለማውረድ ግን ራሱ ዋይፋይ ሲያስፈልግ፣ ሌላም መንገድ ሳይኖር ሲቀር፣ ነገሩ ቁልፉን ቤት ውስጥ ቈልፎበት ደጅ እንደ ቀረ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ገዢው ከውበትና ከቅጥነት በፊት የዋይፋይ ካርዱን ዓይነት ይጠይቅ። ኢንቴል የሠራቸው ካርዶች በሊኑክስ ዘንድ መልካም ስም አላቸው፤ አቴሮስ የሚባሉትም እንዲሁ። የስክሪኑን ሥዕል የሚያወጣው ክፍልም የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚህ ሌላ ለጨዋታ የተሠራ ተጨማሪ የሥዕል ካርድ ያለበት ላፕቶፕ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይግላል፣ ለጽሕፈት ሥራም አይጠቅምም።

ከዓይነቶቹ መካከል የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ናቸው። መልካቸው ደንዳና ስለ ሆነ ወጣቶች ብዙ አይወዷቸውም። እኛ ግን አንድ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከአንድ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን። በብዙዎቹ ክዳኑ በብሎን ይፈታል፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ የሊኑክስ ባለሙያዎችም ራሳቸው ስለሚይዟቸው ጉድለታቸው ቶሎ ይታረማል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንደኛው በውስጥ ተቀምጦ፣ ሁለተኛው ላፕቶፑ ሳይጠፋ ከውጭ ተነቅሎ ይለወጣል። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳት አያሻም። አምሳ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ላፕቶፑ ለጽሕፈት አሥር ዋት ቢወስድ፣ አምስት ሰዓት ያሠራል። ባትሪው አርጅቶ ግማሹን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን የማታ ትምህርት ሳይፈጸም ይጠፋል።

የገዳሪፍ ምድር ሙቀት በሚያዝያና በግንቦት ከአርባ ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበልም በመስኮት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ የማቀዝቀዣው አድናቂ በቀላሉ ተከፍቶ የሚጠረግ መሆን አለበት። መረጃ ማከማቻው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ የሚባለው ይሁን፤ በጭነት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ አይጎዳምና። ሚሞሪው ስምንት ጊጋ ባይት ቢሆን ይበቃል። የእንዲህ ያለውን አገር ጠባይ አስቀድሞ ያሰበ ላፕቶፕ ከዚህ በፊትም ተሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጥቂት ሺህ የሚሆኑት ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት፣ ኤክስኦ የተባሉት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በሊኑክስ ይሠሩ ነበር፤ የፊደል ገበታቸው አቧራ እንዳያስገባ በጎማ የተሸፈነ፣ ስክሪናቸውም በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገንዘብ ሳይከፍሉ መሞከር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር አንድ አረጋዊ መምህራችን መጽሐፍ ልንገዛ ስንል መሐሉን ገልጠን አንድ ገጽ ሳናነብ እንዳንከፍል ያስጠነቅቁን ነበር። ሊኑክስ ይህን ለማድረግ ያመቻል፤ በላፕቶፑ ላይ ምንም ሳይነካ ከፍላሽ ብቻ ይነሣልና። ገዢው ፍላሹን ይዞ ወደ ሱቁ ይሂድ። ላፕቶፑ ሲነሣ በሌኖቮና በዴል ኤፍ12 የሚለውን ቁልፍ፣ በኤችፒ ኤፍ9ን ይጫን። በዚህ ጊዜ የምስጢር ቃል ከተጠየቀና ሻጩ የማያውቀው ከሆነ፣ ያ ላፕቶፕ ከቀድሞ ባለቤቱ እጅ በትክክል አልወጣም ማለት ነውና ትቶ ይውጣ። ከተነሣ በኋላ ዋይፋዩ የአካባቢውን መረቦች ስም ይዘረዝር እንደ ሆነ ይመልከት፤ ድምፁን ይስማ፤ ክዳኑን ዘግቶ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሲከፍተው ከእንቅልፉ ይነቃ እንደ ሆነ ይይ፤ በዚህ የሚወድቁ ላፕቶፖች ጥቂት አይደሉም። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና ዛሬ የሚይዘውን ሊኑክስ ራሱ ይናገራል፤ ከሰባ በመቶ በታች ከሆነ ዋጋው ይቀነስ።

የፊደሉንም ነገር በዚያው ይጨርስ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ፣ ሊኑክስ ፊደሉን ለማሳየት አይቸገርም፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መጻፊያው ነው። ስለዚህ የአማርኛና የትግርኛ መጻፊያውን አስቀድሞ በፍላሹ ላይ ማኖር ይገባል። ሲሞከርም በ«ሀ» ብቻ አይበቃም፤ አማርኛ የማያሻት፣ ትግርኛ ግን ያለ እርስዋ የማይጻፍባት «ቐ» መውጣትዋ ይታይ። የሰው ስም በመዝገብ አበላሽቶ መጻፍ ቀላል ነገር አይደለምና።

ወደ መምህሩ እንመለስ። ወደ ገዳሪፍ ተመልሶ ላፕቶፑን ለሻጩ ባሳየው ጊዜ፣ ሻጩ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ስሰጥህ ይሠራ አልነበረምን?» አለው። እውነቱን ነው፤ እኛም በሻጩ አንፈርድም። ፈተናው በቀኑ መሰጠት ስለ ነበረበት መምህሩ ሦስት ሌሊት ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ልጅ በእጁ ጻፈው። ወላጆቹ ተቀበሉት፤ መዋጮው ግን ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ባለቤቱ ስለ ጣራው ምንም ቃል አልተናገረችም፤ እርሱ እንደ ነገረን ከንግግርዋ ይልቅ ዝምታዋ ከብዶት ነበር።

ኅዳር 9 ቀን ኢንተርኔቱ ሲመለስ ስልኩን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። ሊኑክስ የስልኩን መስመር ወዲያው ዐወቀው፤ የጎደለው ፕሮግራምና የግዕዝ መጻፊያው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወረዱ። ሁለተኛው ፈተና በየካቲት ታትሞ ተሰጠ፤ መዋጮውም ተጀመረ። የጣራው ቆርቆሮ የተገዛው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።

ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ፣ ከጎረቤቶቹ ማንም ላፕቶፕ ሊገዛ ወደ ገዳሪፍ ሲሄድ መምህሩን ይዞ ይሄድ ነበር። እርሱም ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ፣ ክዳን እየከፈተና እየዘጋ፣ «ቐ» እየጻፈ ግማሽ ቀን ይቆያል። ያ ሻጭ በመጀመሪያ ይቈጣ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ግን ሻይ አስመጣለት፤ ቀጥሎም ከመሳቢያው ባዶ ፍላሽ አውጥቶ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ለኔም ቅዳልኝ» አለው።