«ካተር»፦ ከካርቶን ቢላዋ እስከ ጦር ጀልባ፣ አንድ ስም የሚጋሩ ብዙ ነገሮች

በእንግሊዝኛ «ካተር» የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ቀጥተኛ ትርጉሙ «ቆራጭ» ወይም «መቁረጫ» ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ስም የካርቶን መክፈቻ ቢላዋ፣ የብረት መቁረጫ ማሽን፣ ቅጠል የሚቆርጥ ንብ፣ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከብና የቤዝቦል ኳስ አወራወር ሳይቀር ይጠሩበታል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ልዩነቱ ወዲያው ግልጽ ነው። ቋንቋውን በሥራ ላይ እየተማረ ለሚኖር ሰው ግን ቃሉን አሳስቶ መረዳት ጣትን፣ ጓሮን ወይም የጉዞ ሰዓትን የሚያስከፍል ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ኢስትሙር ነው። ኢስትሙር በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮሎምበስ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቤክስሊና በኋይትሆል መካከል የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ኮሎምበስ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘኖች በብዛት የሚገኙባትና ሪከንባከር የተባለ የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ያላት የንግድ መተላለፊያም ናት። በዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው «ካተር» የሚለውን ቃል ጠዋት በመጋዘን፣ ከሰዓት በኋላ በጓሮው፣ ማታ ደግሞ በስፖርት ዜና ሊሰማው ይችላል። በሦስቱም ቦታ የሚሰማው ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው።

አማርኛም «ቆረጠ» ከሚለው ግስ ብዙ ነገር አውጥቷል። ትኬት እንቆርጣለን፤ ተስፋ እንቆርጣለን፤ ቀን ይቆረጣል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ቁርጥ ይበላል። ለመሣሪያዎቹ ግን ቋንቋው ለየብቻ ስም ሰጥቷቸዋል፦ ማጭድ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ መጋዝ፣ ገጀራ፣ ቢላዋ። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን አማርኛ ስለሚለያየው፣ «ካተር» ሲባል የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መቁረጥ ምን ማለት ነው?

ስለት የሚቆርጠው ኃይልን እጅግ ቀጭን በሆነ መስመር ላይ ስለሚያከማች ነው። አንድ ሰው አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ለማንሳት የሚበቃውን ያህል ኃይል፣ ማለትም ወደ 10 ኒውተን የሚጠጋ፣ በቢላዋ ላይ አሳረፈ እንበል። የቢላዋው ጠርዝ ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ ከካርቶኑ ጋር የተነካካበት ርዝመት ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በዚያች ጠባብ ስፍራ ላይ የሚፈጠረው ግፊት ከአየር ግፊት 10 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ካርቶን ይህን መቋቋም አይችልምና ይሰነጠቃል።

አሁን ጠርዙ ዶልዱሞ 10 ጊዜ ወፈረ እንበል። በእኩል ኃይል የሚፈጠረው ግፊት ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ሠራተኛው ያንኑ ካርቶን ለመክፈት እጁን አጥብቆ መጫን ግድ ይሆንበታል። ካርቶኑ በድንገት ሲለቅ ያ ሁሉ ጉልበት ቢላዋውን ወዳልታሰበበት አቅጣጫ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ሌላኛው እጅ ወይም ወደ ጭን ይወስደዋል። የዶለዶመ ቢላዋ ከሰላው ይልቅ አደገኛ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

መቁረጫ ሁሉ ግን በአንድ መንገድ አይሠራም። መቀስ በሁለት ስለቶች መካከል የገባውን ነገር በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፋ ይከፍለዋል። መጋዝ በጥርሶቹ ጥቃቅን ፍቅፋቂ እያወጣ መንገድ ይከፍታል። የፕላዝማ ካተር የሚባለው ማሽን ደግሞ ምንም ስለት የለውም፤ በኤሌክትሪክ ኃይል እጅግ የጋለ ጋዝ እየረጨ ብረቱን አቅልጦ ይለየዋል። ብረት በ1,500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲቀልጥ የፕላዝማው ሙቀት ከ20 ሺህ ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በውኃ የሚቆርጥም ማሽን አለ፤ ከአየር ግፊት 4 ሺህ ጊዜ ያህል በሚበልጥ ግፊት የሚወጣ ቀጭን የውኃ ጅረት፣ ደቃቅ አሸዋ ሲቀላቀልበት፣ ድንጋይና ብረት ይቆርጣል።

የመጀመሪያዎቹ መቁረጫዎች

መቁረጫ ከሰው ልጅ ጥንታዊ የእጅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ታሪኩም ከኢትዮጵያ ምድር ጋር የተሳሰረ ነው። በአፋር ክልል ጎና በተባለው ሥፍራ የተገኙትና ዶክተር ስለሺ ሰማው ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያስተዋወቋቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከ2.5 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። ከእነርሱ የሚቀድሙ፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው መሣሪያዎች በኬንያ ሎመክዊ መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ተገልጿል። የጎናዎቹ ግን ድንጋይን በድንጋይ መትቶ ስለት ማውጣት ምን ያህል የቆየ ጥበብ እንደሆነ ከሚያሳዩ ዋና ማስረጃዎች መካከል ናቸው።

በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ በጋደሞታ፣ ከ270 ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ከባልጩት የተሠሩ ሹል መሣሪያዎች ትተዋል። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ የተፈጥሮ መስተዋት ነው። ብረት ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተዋቀረ ሲሆን፣ መስተዋት ግን እንዲህ ያለ የቅንጣት ድንበር ስለሌለው ሲሰነጠቅ ከተለመደው የብረት ምላጭ የቀጠነ ጠርዝ ሊሰጥ ይችላል። ጉድለቱ ተሰባሪነቱ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን ጥበብ ጠብቀው አቆይተዋል። በኮንሶ የዚህ ሙያ ባለቤቶች በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

በመጋዘን ውስጥ ያለው ካተር

በአሜሪካ መጋዘን «ካተር አምጣ» ሲባል የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ የካርቶን መክፈቻ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በጽሕፈት መሣሪያ መደብር «ካተር» ተብሎ የሚሸጠው፣ ስለቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ቢላዋ ማለት ነው። አያያዙ ቀላል ቢመስልም ሕግ አለው። ስለቱ ሲዶለድም ወዲያው ይለወጣል። የሚቆረጠው ከሰውነት ወደ ውጭ እንጂ ወደ ራስ አይደለም። ዕቃውን የያዘው እጅ በስለቱ መንገድ ላይ መሆን የለበትም። ሥራው ሲያልቅ ስለቱ ወደ ማኅደሩ ይመለሳል።

የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ውስን ለሆነ ሠራተኞች ማወቅ የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የፖሊሲ መግለጫ መሠረት፣ አሠሪዎች በሕግ የሚጠበቅባቸውን የደኅንነት ሥልጠና ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋና ቃላት መስጠት አለባቸው። «ይህ ካተር የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የሚያሳፍር አይደለም፤ መብትም ነው።

ይህ መሣሪያ ከሥራ ልብስ ኪስ ወደ ጉዞ ሻንጣ እንዳይሻገርም ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ከተፈጸመው ጥቃት ወዲህ የካርቶን ቢላዋ ይዞ ወደ አሜሪካ አውሮፕላኖች የመንገደኞች ክፍል መግባት የተከለከለ ነው። የግድ መወሰድ ካለበት ስለቱ ተሸፍኖ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል።

ቆራጭ ትል እና ቆራጭ ንብ

ፀደይ ሲገባ በኦሃዮ ጓሮዎች ጎመንና ቃሪያ ይተከላል። አንድ ጠዋት ችግኞቹ ከመሬት ልክ እንደ በማጭድ ተቆርጠው ወድቀው ቢገኙ፣ ተጠርጣሪው ቆራጭ ትል ነው። ይህ ትል የአንድ የሌሊት ቢራቢሮ እጭ ሲሆን፣ ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ የቡቃያውን ግንድ ይቆርጣል። ጥቁሩ ቆራጭ ትል የሚባለው ዝርያ ቢራቢሮዎች በየፀደዩ ከደቡባዊ ግዛቶች በነፋስ እየታገዙ ወደ ኦሃዮ ይመጣሉ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የበቆሎ ገበሬዎችን ለማስጠንቀቅ በወጥመድ ይከታተሏቸዋል። የኢትዮጵያ ገበሬም የዚህን ትል ዘመዶች ያውቃቸዋል፤ ስማቸውም በአማርኛ ያው «ቆራጭ ትል» ነው።

ለጓሮ አትክልት መድኃኒት መርጨት የመጀመሪያው አማራጭ መሆን የለበትም። ከወፍራም ወረቀት ወይም ከካርቶን የተሠራ ቀለበት በችግኙ ግንድ ዙሪያ አድርጎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር መቅበር ትሉን ያግደዋል። ማታ በባትሪ እየፈለጉ መልቀምም ይቻላል።

የጽጌረዳ ቅጠል ጠርዝ ላይ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ያደረገችው ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት። ቅጠሉን አትበላውም፤ እንቁላሏን የምትጥልበትን ጎጆ ታለብስበታለች። አበባን ከአበባ በማዳቀል ትጠቅማለች። ከዘመዶቿ አንዷ ለአልፋልፋ ዘር ምርት ሆን ተብላ ትረባለች። ሁለቱም «ቆራጭ» ይባሉ እንጂ፣ ለትሉ የታሰበውን መርዝ በንቧ ላይ መርጨት ወዳጅን እንደ ጠላት መምታት ነው።

ከሁሉም የሚያስገርሙት በላቲን አሜሪካ፣ በሰሜን በኩልም እስከ ቴክሳስና ሉዊዚያና የሚኖሩት ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ናቸው። ቅጠሉን ወደ ጎጇቸው ወስደው ለምግባቸው የሚሆን ፈንገስ ያለሙበታል። በመንጋጋቸው ጠርዝ ላይ ያለው ዚንክ ስለቱን ያጠነክረዋል። ያም ሆኖ መንጋጋቸው ከሥራ ብዛት ይዶለድማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ስለታቸው ያለቀ ጉንዳኖች የመቁረጥ ፍጥነታቸው በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚያወጡት ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ጉንዳኖች መቁረጡን ትተው ወደ መሸከም ያዘነብላሉ። በመጋዘኑ ቢላዋ ላይ የታየው ሕግ በጉንዳን አፍም ይሠራል ማለት ነው።

መርከብ፣ ኳስ እና ቡና

በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ካተር» የሚባሉት ባለ አንድ ምሰሶ ፈጣን የሸራ ጀልባዎች ነበሩ፤ የጉምሩክ ሰዎች ኮንትሮባንዲስቶችን ያሳድዱባቸው ነበር። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1790 በገንዘብ ሚኒስትሩ በአሌክሳንደር ሐሚልተን ሐሳብ ዐሥር እንዲህ ያሉ ጀልባዎች እንዲሠሩ ፈቀደች። ይህ ተቋም በ1915 ከሕይወት አድን አገልግሎት ጋር ተዋህዶ የዛሬው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሆነ። ዛሬ በዚህ ተቋም ካተር የሚባለው ርዝመቱ 65 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነና መርከበኞች የሚያድሩበት መርከብ ነው። ኦሃዮ ከውቅያኖስ ብትርቅም በኢሪ ሐይቅ ምክንያት ካተር አላት፤ መቀመጫዋ ክሊቭላንድ የሆነችው ኒያ ቤይ የተባለች መርከብ በክረምት በረዶ እየሰበረች ለጭነት መርከቦች መንገድ ትከፍታለች። ከሆዷ የሚወጣው የአየር አረፋ በበረዶውና በአካሏ መካከል ያለውን ሰበቃ ይቀንስላታል። ኢትዮጵያም የባሕር በር በነበራት ዘመን፣ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በአሜሪካ የጠረፍ ጥበቃ ካተሮች ንድፍ የተሠሩ ባለ 95 ጫማ የጥበቃ ጀልባዎች በቀይ ባሕር ላይ ነበሩት።

በኮሎምበስ የስፖርት ዜና «ካተር» ቢባል ደግሞ ስለ መርከብ አይደለም። ኳስ ወርዋሪው ጣቱን ከመሐል በጥቂቱ አዙሮ የሚጥላት ፈጣን ኳስ ናት፤ በሽክርክሪቷ ምክንያት አየሩ ወደ ጎን ስለሚገፋት መቺው አጠገብ ስትደርስ ትታጠፋለች። የከተማዋ ቡድን የኮሎምበስ ክሊፐርስ ስምም በፈጣን የሸራ መርከብ ነው። «ክሊፐር» በፀጉር ቤት የፀጉር መቁረጫ ማሽን ስም መሆኑ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል።

የመጠጥ ስሞችም ከዚህ አላመለጡም። በአሜሪካ ካፌዎች የሚታዘዘው «ኮርታዶ» በስፓኒሽ «የተቆረጠ» ማለት ነው፤ የኤስፕሬሶን ምሬት በእኩል ወተት የሚቆርጥ መጠጥ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የቅርብ ዘመዱ ማኪያቶ ሲሆን፣ የጣልያንኛ ትርጉሙ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ነው። በሕንድ ሙምባይ «ከቲንግ ቻይ» ብሎ የሚያዝዝ ሰው ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ይቀርብለታል።

በእነዚህ ሁሉ መካከል ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የሚቆርጠው ማን ነው? የሚቆረጠው ምንድን ነው? ቃሉ የተነገረው የት ነው? በእንግሊዝኛ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከ«ካተር» በፊት በሚመጣው ቃል ውስጥ አለ፦ ካርቶን፣ ቅጠል፣ ፕላዝማ ወይም የጠረፍ ጥበቃ። ያ ቃል ካልተሰማ፣ ስለቱን ከማንሳትም ሆነ መርዙን ከመርጨት በፊት ጠይቆ ቁርጡን ማወቅ ይበጃል።