ቆጮና ደረቅ ነጭ ወይን፦ ኮምጣጣነት በማዕዳችን ላይ ስላለው ሥራ



በሆሳዕና ከተማ ቆሞ ስለ ጣሊያን ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ዓላማዬ ወይኑን ማወደስ አይደለም። ወይኑ ከምግብ ጋር ሲቀርብ የሚሠራውን ሥራ መርምረን፣ በዚያው ሚዛን የሐዲያንና የከምባታን ማዕድ እንድንመዝን ነው።

በመጀመሪያ «ደረቅ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ፈሳሽ ነገር እንዴት ደረቅ ይባላል? መልሱ በጠጅ ቤቶቻችን ይገኛል። በዚያ ጠጪው ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብሎ ያዝዛል። በለስላሳው ውስጥ የማሩ ጣፋጭነት ገና አለ፤ በደረቁ ግን ስኳሩ በአብዛኛው ወደ አልኮል ተለውጧል። የወይን ጠጅም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በሊትር ከ4 ግራም ያልበለጠ ስኳር ያለው ወይን ደረቅ ይባላል፤ የአሲዱ መጠን ከፍ ያለ እንደሆነ ስኳሩ እስከ 9 ግራም እንዲደርስ ይፈቀዳል።

የቬኔቶው ሶአቬ፣ የፒየሞንቴው ጋቪና የማርኬው ቬርዲኪዮ በዚህ ዓይነት የታወቁ ናቸው። ስኳር የማይሸፍነው ኮምጣጣነታቸው ለብቻቸው ሲጠጡ ኃይለኛ ሊመስል ይችላል፤ ከምግብ ጋር ሲቀርቡ ግን ጥቅሙ ይገለጣል። አሲድ ምራቅን ያመነጫል፤ ምላስ ላይ የተለጠፈውን የቅባት ስሜት ያቃልላል፤ ቀጣዩ ጉርሻም እንደ መጀመሪያው ይጥማል። በተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እኛ ማዕድ እንምጣ። ክትፎ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ አለው። ብዙዎች ለሥጋ ቀይ ወይን ይመርጣሉ፤ ሆኖም በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ታኒን አፍን ያደርቃል፣ ብርቱ አልኮልም የሚጥሚጣውን ማቃጠል ያባብሳል። አልኮሉ 12 በመቶ አካባቢ የሆነና ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ደረቅ ነጭ ወይን ግን ቅቤውን ያቀልላል፣ ቃጠሎውንም አያጋግልም። ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ ለሚሠራው አታካናም ይኸው ይስማማዋል፤ ልስላሴው የሚቆርጠው ኮምጣጣ ነገር ይሻልና።

ቆጮ ግን የተለየ ጥያቄ ያነሣል፤ እርሱ ራሱ ኮምጣጣ ነው። የተፋቀው እንሰት በኮባ ተሸፍኖ በጉድጓድ ሲቀመጥ፣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ የሊጡ ፒኤች ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል። ደረቅ ነጭ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 3.4 ነው። ሚዛኑ በአሥር እጥፍ የሚራመድ በመሆኑ፣ በ4 እና በ3.2 መካከል ያለው የአሲድነት ልዩነት 6 እጥፍ ያህል ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ወይኑ ከምግቡ ያነሰ ኮምጣጣ ከሆነ ለዛውን ያጣል። ስለዚህ ከቆጮ ጋር ለስላሳና ጣፋጭ ወይን ይደክማል፤ ጥርት ያለ ደረቅ ወይን ግን ይቆማል።

ከዚህ የምንማረው ከወይን ምርጫ ያለፈ ነው። አያቶቻችን ቅባት የበዛበትን ክትፎ ከቆጮ ጋር ያቀረቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሊያናዊው ከብርጭቆ የሚያገኘውን አሲድ እነርሱ ከጉድጓድ አውጥተውታል። ይሁንና የወይንን ኮምጣጣነት «የጠራ ጣዕም» ብለው የሚያደንቁ ሰዎች፣ የቆጮን ኮምጣጣነትና ሽታ የድኅነት ምልክት አድርገው ሲንቁ እንሰማለን። ወጣቶቻችንም በከተማ ገበታ ቆጮ እንበላለን ለማለት ሲያፍሩ ይታያል። ሁለቱም የመፍላት ውጤቶች ናቸው፤ ሁለቱም ትዕግሥትና የእጅ ዕውቀት ይጠይቃሉ። አንዱ በመጽሐፍና በሕግ ተሰንዷል፤ የሌላው ዕውቀት በአብዛኛው በእናቶቻችን እጅ ብቻ ይገኛል። በሀገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የሚኖርበት እንሰት እንዲህ ያለ የጣዕም ቋንቋ አይገባውምን? የትኛው የእንሰት ዝርያ፣ በየትኛው ከፍታ፣ ለስንት ወራት ሲቀበር ምን ዓይነት ጣዕም ይሰጣል? ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከሆሳዕና ገበያዎች የሚመጣውን ቆጮ ለይቶ መሰየም ለእናንተ ለተመራማሪዎች የቀረበ ሥራ ነው።

በእምነታቸው ምክንያት አልኮል የማይቀምሱ አድማጮች እንዳሉም አውቃለሁ። እነርሱም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም፤ ሎሚ የተጨመቀበት ቀዝቃዛ አምቦ ውኃ ከክትፎና ከአታካና ጋር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ዋናው ነገር ጠርሙሱ አይደለም፤ በማዕዱ ላይ ቅባትና ኮምጣጣ ሚዛናቸውን ማግኘታቸው ነው።