መቀነቷ የት ላይ ነው?

ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ካራ የምትወርድ እናት ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ፣ ከሸክሙ ሥር ጎንበስ ብላ ነው የምትራመደው። ይህች እናት አንጀቷ ታሞ፣ ሰገራዋ በሆዷ ላይ በሚከፈት በር እንዲወጣ ቢወሰን በሩ የት ይከፈት? ሐኪሞች በሩን ስቶማ ይሉታል፤ ከትልቁ አንጀት ከወጣ ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ ከወጣ ኢሊዮስቶሚ ነው።

በአገራችን ብዙዎችን እዚህ የሚያደርሳቸው የአንጀት መጠማዘዝ ነው። በስተግራ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል እንደሚጨመቅ ልብስ ሲጠመዘዝ ደም ይቋረጥበታል፤ ከሞተ ተቆርጦ ይወጣል። ጫፎቹን ወዲያው ማገናኘት ሲያሰጋ፣ ፈረንሳዊው አንሪ ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1921 ባቀረበው ዘዴ የላይኛው ጫፍ ሆድ ላይ ይወጣል፤ የታችኛው ይደፈናል። ሌላው መንገድ አንጀቱን ሙሉ በሙሉ ሳይቆርጡ፣ እንደ ቀለበት አጥፎ በማውጣት ሁለት አፍ ማበጀት ነው። ይህኛው መልሶ ለመዝጋት ይቀላል፤ ነገር ግን ተለቅ ስለሚል ሰገራው የሚጠራቀምበትን ከረጢት ቆዳው ላይ በደንብ ማጣበቁ ያስቸግራል።

ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን ይልጣል። ስለዚህ እንግሊዛዊው ብራያን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1952 የአንጀቱን ጫፍ እንደ እጅጌ ገልብጦ መስፋትን አሳየ። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወጣ ስለሚል ፈሳሹ ቆዳው ላይ ሳይሆን ከረጢቱ ውስጥ ይወርዳል።

አንጀቱ የሆድን ግድግዳ በየት በኩል ይለፍ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ብዙዎች ከእምብርት ግራና ቀኝ ቁልቁል በሚወርደው ጡንቻ መሐል ያሳልፉታል፤ ሄርኒያን፣ ማለትም በበሩ ዙሪያ አንጀት ሾልኮ ማበጡን፣ ይቀንሳል ብለው ነው፤ ጥናቶቹ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የበሩ ቦታ ምልክት የሚደረግበት ጊዜ ነው። ታካሚዋ ትተኛለች፣ ትቀመጣለች፣ ትቆማለች፣ ትጎነበሳለች። ተኝታ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ ጡንቻው ይወጠርና ዳሩ በእጅ ይዳሰሳል። ቦታው ከእምብርት፣ ከዳሌ አጥንት፣ ከጠባሳና ከቆዳ እጥፋት መራቅ አለበት፤ ራሷ ጎንበስ ብላ የምታየውም መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ኢሊዮስቶሚ በስተቀኝ፣ ኮሎስቶሚ በስተግራ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ነው።

የውጭ መመሪያዎች ስለ ቀበቶ ያነሳሉ። እኛ ዘንድ መጠየቅ ያለበት መቀነቱ ነው፤ አንቀልባው፣ ዱካ ላይ ሲቀመጡ የሚታጠፈው ሆድ፣ የዐቢይ ጾም ስግደት፣ የሶላት ሱጁድ ነው። ቦታው ከተሳተ ከረጢቱ በእጥፋቱ በኩል ያፈሳል፤ ከረጢት ደግሞ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። በሌሊት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ለመጣች ታካሚም ቢሆን ማደንዘዣው ሳይሰጣት ለዚህ ጥቂት ደቂቃ አይጠፋም። በማይለቅ ማርከር ነጥብ ይደረጋል፤ ከዚያ መቀነቷን እንደ ልማዷ መልሳ ትታጠቃለች። ነጥቡ ከመቀነቱ ሥር ከገባ፣ ዝቅ ተብሎ እንደገና ይደረጋል።