ኬላና ሚዛን

በደርግ ዘመን ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስ ኬላ ላይ ሲቆም ፈታሾቹ የሚፈልጉት መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ጤፍም ይፈልጉ ነበር። ከተማ ላለ ልጅ ወይም ወንድም የተቋጠረች ጥቂት ኪሎ እህል ከመቀመጫ ሥር ተጎትታ ትወጣለች፤ ባለቤቷ ይለምናል፣ ይሟገታል፣ ብዙ ጊዜም እህሉን ጥሎ መንገዱን ይቀጥላል። እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ ማሻገር ክልክል ነበርና።

መንግሥት በገበያ ውስጥ ምን ድርሻ አለው የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ኬላ ብንጀምረው ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ የሚነሣው ከመጠን ነው፤ መንግሥት ይብዛ ወይስ ይነስ፣ ይግባ ወይስ ይውጣ። እንዲህ ሲቀርብ ግን አንዱ ወገን ኮሪያን፣ ሌላው አሜሪካን እየጠቀሰ ሲመሽ ሁለቱም ረትተው ይገባሉ። የመንግሥት እጅ ምን ይዟል ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል።

የደርግ እጅ የያዘውን እንይ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በአጭር ስሙ እሰገድ፣ ከየገበሬ ማኅበሩ እህል የሚሰበስበው በኮታ ነበር። ዋጋው ከላይ ተቆርጦ ይመጣል። ከገበያው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ገበሬው በፈቃዱ አያስረክብም፤ ስለዚህም ኮታው ግዴታ ሆነ። ምርቱ አልበቃ ያለው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ እህል በሚተርፋቸው ክፍለ ሀገሮች የግል ነጋዴው ጭራሽ የታገደበት ወቅትም አለ። የተሰበሰበው እህል ለጦሩና በቀበሌ ሱቅ በኩል ለከተሜው ይታደላል። የከተማውን ሰው በርካሽ ማብላት ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ሂሳቡን የከፈለው ግን ከከተሜው የባሰ ድሃ የነበረው ገበሬ ነው።

ጉዳቱ ግን ገበሬው ካጣው ገንዘብ ይሰፋል። ወሎ ላይ እህል ሲወደድ ዋጋው ለጎጃም ነጋዴ መልእክት ነው፦ «እዚህ እህል ጠፍቷል፣ ጫንና ና፣ ለድካምህ ታተርፋለህ» ይላል። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይሰበስበው፣ ትርፍ ፈላጊው ነጋዴ እህሉን ከተትረፈረፈበት ወደ ጠፋበት ያጓጉዛል። ኬላው የቆረጠው ይህን መልእክት ነው። የተረፈው ክፍለ ሀገር እህሉ በርካሽ ተይዞበት፣ ያጣው ደግሞ በውድ ሲፈልግ፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚያጠብብ ሰው እንደ ወንጀለኛ ይታሰር ነበር።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ሲያውጁ ኮታው ቀረ፣ ኬላዎቹም ተነሡ። ውጤቱ ብዙ መጠበቅ አላስፈለገውም። እህል በተረፈበት አካባቢ ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ ከፍ አለ፤ በክፍለ ሀገሮች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነትም ጠበበ። መንግሥት ምንም አዲስ ነገር አልሠራም፤ እጁን ማንሣቱ ብቻ በቂ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የዚህ ምዕራፍ መልእክት ቀላል በሆነ ነበር፤ መንግሥት ይውጣ፣ ገበያው ራሱን ያውቃል ብለን ወደሚቀጥለው እናልፍ ነበር። ነገር ግን 1994 ዓ.ም. አለ።

በዚያ ዓመት መባቻ ላይ በቆሎ ተትረፈረፈ። ለተከታታይ ዓመታት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲሠራጭ ቆይቶ ዝናቡም ሰምሮለት ነበር። ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ለሚያጭደው የቀን ሠራተኛ ለመክፈል እንኳ የማይበቃ ሆነና ማሳ ላይ የቀረ በቆሎ ነበር። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በሚቀጥለው ወቅትም ማዳበሪያ ለመውሰድ እጁ አጠረ። ከዚያ ድርቅ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከአንድ ዓመት በፊት ገዢ ያጣ በቆሎ የነበረባት አገር ናት።

ኬላ አልነበረም። ኮታ አልነበረም። ታዲያ ገበያው ምን ነካው?

መልሱን ለማግኘት የአንድ እህል ነጋዴን ውሎ ማሰብ ይበቃል። አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ ነቀምት ካለ የማያውቀው ሰው በቆሎ በስልክ ሊገዛ ይችላል? ጥራቱን አላየም። የነቀምቱ ሚዛን ትክክለኛ መሆኑን አያውቅም። ገንዘቡን አስቀድሞ ቢልክ እህሉ ላይመጣ፣ እህሉ ቀድሞ ቢመጣ ደግሞ የነቀምቱ ሰው ገንዘቡን ላያገኝ ይችላል። ቢካካዱ ፍርድ ቤት ዓመታት ይወስዳል፤ ክርክሩ የአንድ መኪና በቆሎን ዋጋ ይበላዋል። ስለዚህ ሁሉም የሚነግደው ከሚያውቀው ጋር ነው፤ ከአገሩ ልጅ፣ ከዘመዱ፣ ወይም ዓመታት ከፈተነው ደላላ ጋር። አንዱ ጆንያ ከገበሬው እስከ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ደጋግሞ ይፈታል፣ ይታያል፣ ይመዘናል፤ የሰጪውን ሚዛን የሚያምን ተቀባይ የለምና። መጋዘን ያለ እህል አስይዞ ብድር መውሰድ ስለማይቻል ዋጋ ሲወርድ እህል ገዝቶ ለክፉ ቀን የሚያቆይ አቅም ያለው ነጋዴም አልነበረም።

ገበያው ነፃ ሆኖ ነበር፤ ግን ሚዛን አልነበረውም። ሚዛን ስል ብረቱን ብቻ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲገበያዩ የሚያስችለውን ሁሉ ነው፤ የታወቀ የጥራት ደረጃ፣ የሚታመን መጋዘን፣ በሰዓቱ የሚደርስ ክፍያ፣ ቶሎ የሚፈርድ ዳኛ። ይህን ለመዘርጋት አንድ ነጋዴ ብቻውን ገንዘብ አያወጣም፤ ወጪው የእሱ፣ ጥቅሙ ግን የተቀናቃኞቹም ይሆናልና። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ለመንግሥት ሦስት ሥራዎች ሲሰጥ፣ ከመከላከያና ከፍትሕ ቀጥሎ ያስቀመጠው እንዲህ ያለውን ግለሰብ ከፍሎ የማይሠራውን የጋራ ሥራ ነበር። የነፃ ገበያ አባት እያሉ የሚጠሩት ብዙዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። በእህል ገበያና በደላላ ላይ ለዓመታት ጥናት ያካሄዱት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ የመሩት። አሠራሩን በቡና እንየው። የአቅራቢው መኪና መጋዘን ሲደርስ ከጆንያዎቹ ጥቂት ጥቂት ፍሬ ይወሰዳል። ናሙናው የባለቤቱ ስም ሳይሆን ምስጢር ቁጥር ይለጠፍበታል፤ መርማሪው ፍሬውን አይቶ ጉድለቱን ይቆጥራል፣ ቀማሹ ተፈልቶ የቀረበለትን በማንኪያ እየሳበ ይቀምሳል። ማን እንዳመጣው ሁለቱም አያውቁም። አካባቢው፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑና ደረጃው ይወሰናል፤ አቅራቢው የመጋዘን ደረሰኝ ይዞ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ባለው የግብይት ወለል ላይ ጃኬት የለበሱ ገዢና ሻጭ ይጯጯኹ ነበር፤ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። ገንዘቡ በማግሥቱ በሻጩ የባንክ ሂሳብ ይገባል። ከምርት ገበያው በፊት ላኪው እስኪከፍለው ወራት ይጠብቅ ለነበረ፣ አንዳንዴም ለተካደ አቅራቢ ይህች «በማግሥቱ» የምትባል ነገር ከብዙ ፖሊሲ ትበልጥበታለች።

ሚዛን ማለት እንግዲህ ይህ ነው። መንግሥት ዋጋ አልቆረጠም። ማን ለማን ይሽጥም አላለም።

ችግሩ ይህ ብዙ አለመቆየቱ ነው፤ መንግሥት ቀጥሎ ማን የት ይሽጥ «አለ»። ምርት ገበያው መጀመሪያ የታሰበው ለበቆሎና ለስንዴ ነበር፤ የእህል ነጋዴው ግን ወደ አዳራሹ አልመጣም። ያን ጊዜ መንግሥት ነጋዴው ለምን እንዳልመጣ ከማጥናት ይልቅ በአዋጅ ቡናን አመጣ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የራሳቸው እርሻ ካላቸው ላኪዎችና ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀር፣ ቡና በምርት ገበያ እንጂ በሌላ መንገድ መሸጥ ተከለከለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ቡና አከማችታችኋል ተብለው የስድስት ትልልቅ ላኪዎች ፈቃድ ታገደ፣ መጋዘናቸውም ታሸገ። ሚዛን ያዡ በር ላይ ኬላ ተከለ ማለት ነው።

ዋጋውን የከፈለው ምርጡ ቡና ነው። የይርጋጨፌ ቡና በደረጃው ተመድቦ ከመሰሎቹ ጋር አንድ ክምር ውስጥ ሲገባ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ማጠቢያ እንደ መጣ የሚታወቅበት መንገድ ጠፋ። በውጭ ያሉ የልዩ ጣዕም ቡና ገዢዎች ደግሞ ትርፍ ዋጋ የሚከፍሉት ለዚያ ታሪክ ነበር። ለተራው ቡና አንድ ወጥ ደረጃ ጠቀመ፤ ልዩውን ግን ጎዳ። በመጨረሻ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 1051 ቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ ለሚፈልጉ በሩን ከፈተ። በእኔ እምነት ምርት ገበያው ከመጀመሪያውም በውዴታ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ወዳጁም የበዛ ይሆን ነበር። የሚታመን ሚዛን ሰው በግድ አይጎተትለትም።

ዋጋ በመቁረጥ ገበያን ማረጋጋት የሚለው ሐሳብ ከደርግ በኋላም ተሞክሯል፤ በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋ፣ በለስላሳ መጠጥና በመሳሰሉት ላይ ጣሪያ ተደርጎ ዘይትና ስኳር ከሱቅ ጠፉ፣ ሰልፍ በዛ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ከዚህ በላይ ብዙ የሚባል ነገር የለውም።

ከበድ የሚለው ጥያቄ የዕድገት ጥያቄ ነው። መንግሥት ሚዛን ከመያዝ አልፎ «ይህ ዘርፍ ይደግ» ብሎ መሬትና ብድር ቢሰጥስ? ደቡብ ኮሪያን ሁሉም ይጠቅሳል፣ እውነት አለውም። እ.ኤ.አ. በ1964 የ100 ሚሊዮን ዶላር ኤክስፖርት ላይ ደርሳ ያከበረች አገር በ1977 የ10 ቢሊዮን ዶላር ደረሰች። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በየወሩ የኤክስፖርት ስብሰባ ይመሩ ነበር። ብድር በርካሽ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ውጭ ለሸጠ ነው። ያልሸጠ ድርጅት ብድሩ ይቆምበታል። ዳኛው ሚኒስትሩ ሳይሆን የባዕድ አገር ገዢ ነበር፤ የባዕድ አገር ገዢ ደግሞ ጉቦም ዝምድናም አያውቅም።

የእኛን አበባ በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። መንግሥት በሆለታ፣ በሰበታ፣ በዝዋይ ዙሪያ መሬት ሰጠ፣ የልማት ባንክ ከወጪው እስከ 70 በመቶ አበደረ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በካርጎ ማቀዝቀዣ አገዘ። አበባ ከተቆረጠ በኋላ ዕድሜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ ዛሬ ካልተጫነ ነገ አይሸጥም፤ የሆላንድ ጨረታ ደግሞ ለጥራቱ ያለ ርኅራኄ ዋጋ ይሰጣል። ያልቻለ ወጣ፣ እርሻውን የቻለ ገዛው። በጥቂት ዓመታት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ተቀመጠች። የዝዋይ ሐይቅ ውኃና የሠራተኛው ጤና ጉዳይ ሌላ ምዕራፍ ይፈልጋል።

ከዚያው ከልማት ባንክ ተበድረው ፋብሪካና ሰፋፊ እርሻ የጀመሩ ሌሎች ብዙዎች ግን እንዲህ ያለ ዳኛ አልገጠማቸውም። ዕዳቸው ሲከማች ይራዘማል፣ ሲራዘም ይከማቻል። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከልማት ባንኩ ብድር ውስጥ የተበላሸው ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ስንጠይቅ ደግሞ ወደ ተራው ቆጣቢ እንመለሳለን። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት እያንዳንዱ 100 ብር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ መጀመሪያ ላይ የሚያስገኘው ወለድ 3 በመቶ ሲሆን ባንኮቹ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍላሉ። ከዚያ የተሰበሰበው ገንዘብ ለልማት ባንክ ብድር ይውላል። በብድር እጦት ሱቋን ማስፋት ያቃታት ነጋዴ ገንዘቡ ወደ የትኛው ፋብሪካ እንደ ሄደ አልተነገራትም። መመሪያው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ የተበላሸውን ብድር ቀዳዳ ለመድፈን ግን ከመንግሥት ካዝና ተጨማሪ ካፒታል ሲፈስ ቆየ፤ ያ ካዝና ደግሞ የሚሞላው ከዚያችው ነጋዴ በሚሰበሰብ ግብር ነው።