አክታ ብቻውን ምስክር አይሆንም

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በሚታከምበት ክፍል ትልቁን ቃል የሚናገረው አክታ ነው። በየወሩ ለካልቸር ይላካል፤ ጀርም አልበቀለበትም ከተባለ ሐኪሙም ታካሚውም እፎይ ይላሉ፤ በመጨረሻም መዝገቡ ላይ «ዳነ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቃል ለብዙ ዓመታት ምን ሸፍኖ እንደኖረ ለመረዳት ጆሮን መመልከት ይበቃል። ለወራት በየዕለቱ ይወጋ የነበረው የካናማይሲን መርፌ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ፀጉር መሰል ሴሎች ይገድላል፤ የሞቱት ደግሞ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ታካሚው ማዳመጫ አጥልቆ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ ሲነገረው፣ ወፍራሙ ሲለቀቅ ያነሳል፤ ቀጭኑ ሲለቀቅ እጁ ከጉልበቱ ላይ ንቅንቅ አይልም። ሰው ሲያናግረው ግን ገና ስለሚሰማ «ምንም የለብኝም» ይላል። መመርመሪያው በሌለበት ቦታ ችግሩ የሚታወቀው ታካሚው «አቤት? ምን አልክ?» ማለት ሲያበዛ ነው፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ የንግግርን ድምፅ ነክቷል። አክታው ጠርቶ ጆሮው የደነቆረ ሰውና ምንም ያልጎደለበት ሰው በመዝገባችን ላይ አንድ ሆነው ተቆጥረዋል። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ሲፈተን ጀርሙን መግደሉ ብቻ ሳይሆን ከሰውየው የሚወስደው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኩል መቆጠር አለበት እላለሁ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በከፊል እዚሁ አገራችን የተሠራው ስትሪም የተባለው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከባንግላዴሽ የወጣ ጥናት፣ ዘጠኝ ወር ገደማ በሚፈጅ ሕክምና ከ206 ታካሚዎች 88 በመቶ የሚሆኑት ሳያገረሽባቸው መዳናቸውን ዘግቦ ነበር። ያኔ የተለመደው ሕክምና 20 ወርና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ ዜናው ብዙዎችን አስደስቷል፤ ነገር ግን በዕጣ የተመደበ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ስትሪም በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ 424 ታካሚዎችን በዕጣ ለረጅሙና ለአጭሩ ሕክምና መደበ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተሳትፈዋል። በ2019 የታተመው ውጤት ረጅሙን ከወሰዱት 79.8፣ አጭሩን ከወሰዱት 78.8 በመቶው እንደተሳካላቸው አሳየ። ተጨማሪዎቹ ወራት ለታካሚው እዚህ ግባ የሚባል ትርፍ አላስገኙም ማለት ነው። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆማል። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰባቸው ግን በረጅሙ 45.4፣ በአጭሩ 48.2 በመቶ ነበሩ። ማሳጠር ማቅለል አልሆነም፤ መርፌውም እዚያው ነበር። መርፌው በቤዳኩዊሊን እንክብል የተተካው በሁለተኛው ዙር ነው። በ2022 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው እንክብል ብቻ ከወሰዱት 83 በመቶው፣ መርፌ ከነበረበት ቡድን 71 በመቶው ተሳክቶላቸዋል፤ ከባድ የመስማት ጉዳት ደግሞ በመርፌው ቡድን 9፣ በእንክብሉ 2 በመቶ ነበር።

«ሞት ከፊቱ ለቆመ ሰው ስለ ጆሮ ማውራት ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ይኑር» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ኒክስ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ጥናት የተካተቱት 109 ታካሚዎች ሌላ አማራጭ የጠበባቸው ነበሩ፤ ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድና ሊኔዞሊድ ተሰጥቷቸው 90 በመቶው ዳኑ። በ81 በመቶው ላይ ግን የነርቭ ጉዳት ታየ፤ እግር ይደነዝዛል፣ እሳት እንደረገጠ ያቃጥላል፤ ጫማ ከእግር ሲወልቅ የማይታወቅበት ጊዜ አለ። «ይኑር» በሚለው ብቻ ብንረካ ኖሮ በቀን 1,200 ሚሊግራም ሊኔዞሊድ እንደ ግዴታ ይቀጥል ነበር። ጉዳቱ ስለተቆጠረ ግን ዜኒክስ የተባለው ቀጣይ ሙከራ መጠኑን በዕጣ አነጻጸረ። ለ26 ሳምንት 1,200 ከወሰዱት 93፣ 600 ከወሰዱት 91 በመቶው ተሳካላቸው፤ የነርቭ ጉዳቱ ከ38 ወደ 24፣ የደም ሴል ማነሱ ከ22 ወደ 2 በመቶ ወረደ። መኖርና እግር በሚዛን ላይ የተቀመጡ ተቃራኒዎች አልነበሩም፤ ተቃራኒ ያስመሰላቸው መጠኑን ማንም አለመፈተኑ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ልብ ይነካል፦ በሽተኛን በዕጣ መመደብ ጭካኔ ነው፤ ጥሩ መሆኑ የሚታይ መድኃኒት ለምን ለሁሉም አይሰጥም? መልሱ «የሚታይ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቤዳኩዊሊን በ2012 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋናው ማስረጃ አክታን ቶሎ ማጥራቱ ነበር። በዚያው ሙከራ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 79 ሰዎች 10፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 81 ሰዎች 2 ሞተዋል። ሞቱን ከመድኃኒቱ ጋር የሚያገናኝ ግልጽ ምክንያት አልተገኘም፤ በኋላ የመጡ ማስረጃዎችም ስጋቱን አቃለሉት። ማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ግን ጥያቄው ራሱ አይነሳም ነበር። ስትሬፕቶማይሲንም እንዲሁ ነው። በ1948 በታተመው የብሪታንያ ሙከራ በስድስት ወር መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከቆዩት 52 ሰዎች 14 ሞቱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር ግን ሟቾቹ 32 እና 35 ነበሩ፤ ጀርሙ ብቻውን የተሰጠውን መድኃኒት ተላምዶት ነበር። በስድስተኛው ወር መቁጠር አቁመው ቢሆን ቲቢ በአንድ መድኃኒት ተሸነፈ ይባል ነበር። ዕጣው ጨካኝ የሚሆነው ታካሚው ሳይገባው ሲፈርም፣ ወይም የተሻለው ታውቆም ሲቀጥል ነው።

ዛሬ ሥራው ከጆሮ ወደ እግርና ዐይን ዞሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 የመከረው የስድስት ወር ሕክምና ሞክሲፍሎክሳሲንን ጨምሮ አራት መድኃኒቶች ያሉት ሲሆን፣ ፕራክቴካል በተባለው ሙከራ 89 በመቶው ተሳክቶለታል፤ በቀድሞው ሕክምና የተሳካለት 52 በመቶ ነበር። ይህን ያህል ልዩነት በሥራ ዘመናችን የምናየው ስንቴ ነው? ይሁንና ሊኔዞሊድ በውስጡ አለ፤ የዐይን ነርቭንም ሊጎዳ ይችላል። የወር ክትትል ቅጹ ላይ ከአክታው ውጤት ጎን ሁለት መስመር ቢጨመር እመኛለሁ፦ ታካሚው ዐይኑን ጨፍኖ የእግሩ ጣት ሲነካ አወቀ ወይስ አላወቀም፣ ከግድግዳው ሰሌዳ ላይ ያለፈው ወር ያነበበውን መስመር ዛሬም አነበበ ወይስ አላነበበም። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ጥጥ፣ ሰሌዳና አምስት ደቂቃ ነው።