በአትላስ ሸለቆዎች የአንድ ቀን ጉብኝት፤ የእንግዳው ገንዘብ የት የት ይደርሳል?

በሞሮኮ አገር በማራኬሽ ከተማ ያረፈ የውጭ አገር እንግዳ፣ ጊዜው አጭር ቢሆንም እንኳ አንድ ቀን ለይቶ የአትላስን ተራራ ሳያይ መመለስ አይወድም። ጧት መሪው ከሆቴሉ በር በመኪና ይወስደዋል፤ ማታ ይመልሰዋል። እንግዳው ዋጋውን አንድ ጊዜ ከፍሎ የጨረሰ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከመኪና ነጂው እስከ በቅሎ ጫኙ፣ ከምግብ ቤቱ እስከ ምንጣፍ ሻጩ ድረስ በብዙ እጅ ይዞራል። የትኛው እጅ ምን እንደሚያስቀር መመልከት ለነጋዴ ከተራራው እይታ ያላነሰ ትምህርት አለው።

መንገዱ ከከተማው ወደ ደቡብ ይወጣል። ታሐናውትን ካለፈ በኋላ በሙላይ ብራሂም ገደል እየተጠማዘዘ አስኒ ይደርሳል፤ እስከዚህ ድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአስኒ ወደ ላይ ሲታጠፍ ኢምሊል የሚባለው መንደር ይገኛል። ከፍታው 1740 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሰሜን አፍሪካ ከሁሉ የሚበልጠው የቱብካል ተራራ በ4167 ሜትር ከፍታ ከበላዩ ይገኛል። በሸለቆው ውስጥ የገውዝ፣ የፖምና የቼሪ ዛፍ በእርከን በእርከን ተተክሎ ከወንዙ በተጠለፈ ቦይ ይጠጣል።

ነዋሪዎቹ በውጭው ዓለም በርበር ይባላሉ፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ኢማዚገን ብለው ይጠራሉ። ቋንቋቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕገ መንግሥት ከዐረብኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል።

ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በዚህ መንገድ ቢያልፍ የቦታዎቹ ስም እንግዳ አይሆንበትም። በጎረቤቱ ሸለቆ የሚገኘው ትኒን ኡሪካ ስሙን የወሰደው ሰኞ ከሚቆመው ገበያ ነው፤ በሌላውም የአገሪቱ ክፍል አርባዓና ኸሚስ የተባሉ ከተሞች ሞልተዋል። ሐሙሲትንና ሮቢትን የሚያውቅ ሰው ትርጓሜ አያስፈልገውም። የአስኒ ገበያ የሚውለው ቅዳሜ ነው። ሥራውን የሚያውቅ መሪ እንግዶቹን በዚህ ቀን ይዞ መምጣትን ይመርጣል፤ በዚያን ቀን የመንደሩ ሰው ለእርስ በርሱ ይሸጣል እንጂ ለጎብኚ ብሎ ያዘጋጀው ነገር የለምና።

እንግዳው ወደ ቤት ሲገባ ናና የተጨመረበት ሻይ ከከፍታ እየተንቆረቆረ ይቀርብለታል። አስመጪዎች የዚህን ሻይ ታሪክ ቢሰሙ አይጠሉም። ቅጠሉ እንደ ባሩድ ፍሬ የተድበለበለ የቻይና አረንጓዴ ሻይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1856 በተደረገው የክሪሚያ ጦርነት ምክንያት የእንግሊዝ ነጋዴዎች በባልቲክ በኩል የነበራቸው ገበያ ስለ ተዘጋ፣ በእጃቸው የቀረውን ሻይ ወደ ታንጀርና ዛሬ ኤሳውይራ ወደምትባለው ወደ ሞጋዶር አዞሩት። ገዢ ያጣ ዕቃ አዲስ ገዢ አገኘ፤ ሞሮኮም እስከ ዛሬ ድረስ ከቻይና አረንጓዴ ሻይ ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ሆና ቀርታለች። ስኳሩም 2 ኪሎ የሚመዝን ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ነው፤ ለሠርግም ለልቅሶም ስጦታ ሆኖ ይወሰዳል።

ከሻዩ በኋላ ነገሩ ወደ ሱቅ ይዞራል። በመንገዱ ዳር ሴቶች የአርጋን ፍሬ ሲፈጩ ይታያሉ፤ ዘይቱም በጠርሙስ ተደርድሯል። ዛፉ ግን በዚህ ሸለቆ የሚበቅል አይደለም፤ አገሩ በደቡብ ምዕራብ በሱስና በኤሳውይራ በኩል ነው፤ ፍሬው ተጭኖ ይመጣል እንጂ። ይህን ለእንግዳው በግልጽ የሚነግር ሻጭ አለ፤ ዝም የሚልም አለ። የምንጣፉም ንግድ እንዲሁ ነው። መሪው እንግዳ ላመጣበት ሱቅ ከሽያጩ የድለላ ዋጋ መቀበሉ በማራኬሽ የታወቀ ልማድ ነው። ድለላ በራሱ ነውር አይደለም፤ የብዙ ነጋዴ እንጀራ ነው። ነውር የሚሆነው ገዢው ሳያውቀው በዋጋው ውስጥ ሲደበቅ ነው። ምንጣፉን ወራት ተቀምጣ የሸመነችው ሴት ከዚያ ተጨማሪ ዋጋ ምንም አይደርሳትም፤ በኋላ ነገሩን የሰማ እንግዳም ለወዳጁ የሚያወራው ስለ ምንጣፉ ማማር ሳይሆን ስለ መታለሉ ነው።

የዚህ ገንዘብ ዋጋ ይበልጥ የታወቀው ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት ነው። መጠኑ 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ይህንን አውራጃ መትቶ ወደ 3000 የሚጠጋ ሕዝብ ፈጀ። የድንጋይና የጭቃ ቤቶች ባለቤቶቻቸው በተኙበት ፈረሱ። መንገዱ በተዘጋባቸው መንደሮች እርዳታ ያደረሱት በቅሎዎችና አህዮች ናቸው። መንግሥትም ፈጽሞ ለፈረሰ ቤት 140,000 ድርሃም፣ በከፊል ለተጎዳ 80,000 ድርሃም መደበ። ነገር ግን በመሪነት፣ በበቅሎ ኪራይና በእንግዳ ማሳደር የሚኖር ቤተ ሰብ ግድግዳው ቢቆምለት እንኳ እንግዳ ካልመጣ ገቢ የለውም።

እንግዳው ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ሞሮኮ የገባው ጎብኚ 17.4 ሚሊዮን ደርሷል ተብሏል። ይህ ቁጥር በጥንቃቄ ይነበብ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በውጭ አገር የሚኖርና ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣ የሞሮኮ ተወላጅ ነው፤ ከቀረውም ወደ ተራራው የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው።

በኢምሊል ላይ ካስባ ዱ ቱብካል የሚባል የእንግዳ ማረፊያ አለ። ይህ ቤት በእያንዳንዱ እንግዳ ሒሳብ ላይ 5 በመቶ ጨምሮ ለመንደሩ ማኅበር መስጠትን ልማድ አደረገ። በዚህ ገንዘብ ማኅበሩ አምቡላንስ ገዝቷል፤ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አሠርቷል፤ የመንደሩን ቆሻሻ የሚሰበስብበት ዘዴ አቁሟል። ጭማሪው በሒሳቡ ወረቀት ላይ ለብቻው ተጽፎ ለእንግዳው ይቀርባል፤ እንግዳውም አንብቦት ይከፍላል።